ቀጂው

ሐሙስ ሐሙስ ነበር ወደ ሃስልሪት መንገዴ፣
ስምንት በርሜል ጭኜ፣ ውርጩ ዘልቆ እስከ ሆዴ።
ከቼክ ጠረፍ ወዲህ፣ ጥዱ ሰማይ በጋረደበት፣
«አረንጓዴው ዛፍ» ይባላል፣ የአልባን መጠጥ ቤት።
ስሙ ዛፍ ነው እንጂ ደጁ ላይ ዛፍ የለም፤
አያትየው ቆርጦ ባንኮኒ አድርጎታል፣ ለዘላለም።

አልባን አንገተ ወፍራም፣ ነገረ ቁጥብ ሰው፣
የፈሰሰ አረፋ በክንዱ የሚያብሰው።
ብርጭቆ አዘንብሎ ሲቀዳ በዝግታ፣
ሰው ሲያወራ ይሰማል፤ እሱ ግን ዝምታ።

ልጅ ሳለ መምህሩ እጁን በማስመሪያ
መትቶታል ይላሉ፦ «አፍህ የከብት ማደሪያ!
እንደ መጽሐፉ ተናገር!»
ተናገረ። ለቀራጩ፣ ለቄሱ፣ ለሐኪሙ፤
የእናቱን አፍ ለፈረሱ አወረሰው፣ ከነጣዕሙ።

ኪሊያን የሚሉት ነበር፣ መስታወት ነፊ፣ ጡረተኛ፣
ሳንባው በእቶን የነደደ፣ ሲስቅ እንኳ ቁስለኛ።
ወንበሩ ምድጃው ጥግ። ብርጭቆው ስር ሁልጊዜ
አንድ ጉንጭ ያስቀራል።
«ኖአገል» ይላታል እሱ፣ ያቺን ለብ ያለች ጭላጭ፤
የመጽሐፉ ቋንቋ «ቀሪ» ነው የሚላት፣ እንደ ቀራጭ።
«ለምን ትተዋታለህ?» አልኩት አንድ ሌሊት።
«ጨርሶ የጠጣ ሰው ይሄዳላ ወደ ቤት።»

በየካቲት ሞተ፣ መሬቱ አልቆፈርም ባለበት።
ብርጭቆ ማስቀመጫዋ ካርቶን ቀረች፣ ዕዳው የተሰመረባት፣
አሥራ ሰባት ጭረት፣ በእርሳስ።
አልባን አልደለዘውም። ገለበጣት።
ዕድሜውን ሲቀዳ የኖረ ሰው፣ ያን ሌሊት ቀዳ፤
የሟቹን አፍ፣ እንደ ወረደ፣ ከነዕዳ።
አራት መስመር ነበር፤ ሁለቱን ብቻ ይዣለሁ፦

ትንፋሹን በመስታወት ነፍቶ ሰጠን ለመጠጫ፤
ለራሱ ያስቀራት አንድ ጉንጭ ነች፣ የመውጫ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው! ካርቶን በካርቶን ላይ።
ቫልቡርጋ ትጮሃለች፦ «ሂሳቡ የታል? ሰው ስንት ጠጣ?
ግጥም ስንት ሊትር ይሞላል?» እያለች፣ ቤት ስታናጋ።
ሌሊት ግን አየኋት፣ በጫማ ሳጥን ስታከማች፣
«ይህ የወፍጮ ቤቱ፣ ይህ የአዋላጇ» እያለች።

አንድ ጊዜ ሬገንስቡርግ ጠሩት፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው፤
በእኔ መኪና ሄድን፣ የሠርጉ ኮት ሆዱ ላይ አልዘጋ እያለው።
የኪሊያንን ጀመረ። ገና «ኖአገል» ሲወጣ ከአፉ
አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፣ ሆዳቸውን እስኪያቅፉ።
የገጠር አፍ ለቀልድ ነዋ፣ ለካርኒቫል!
በዚህ ቋንቋ ሰው ይሞታል ብሎ ማን ያስባል?
ወረቀቱን አጠፈ። «ይቅርታ» አለ፣ እንደ መጽሐፉ፣ አጥርቶ።
ሃስልሪት እስክንደርስ የዝናብ መጥረጊያው ብቻ ነበር
የሚያቃስት።

በማግስቱ ማታ፣ ለስድስት ሽማግሌና ለአንድ ውሻ
አነበበው፣ እስከ መጨረሻ።
ማንም አልሳቀም። ማንም አላጨበጨበም።
የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ተነሣ፣ ሳንቲሙን ቆጠረ፣
አሥራ ሰባት ብርጭቆ ከፈለ፣ የሟቹን፤
«እንዲህ ነበር» አለ በሩ ላይ፣ እያጠለቀ ባርኔጣውን።

ዘንድሮ ግጥሙ ቤት ይመታል፤ መጠጥ ቤቱ ግን ተዘጋ።
ልጁም ሽቱትጋርት ይገጥማል፤ የመኪና በር፣ በሰዓት ዋጋ።
ቫልቡርጋ ከኪሊያን ጎን ናት። ሳጥኑ አልጋ ስር ነው።

ባለፈው ሄጄ ነበር፣ ያለ በርሜል፣ በአውቶቡስ።
ከመሳቢያ አንድ ጠርሙስ አወጣ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ለሁለት ቀዳ።
ስለ ጉልበታችን አወራን፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ ቢራ ዋጋ።
ልነሣ ስል ብርጭቆዬን አየው። ደርቋል።
«ቸኩለሃል እንዴ?» አለ፣ በእናቱ አፍ፤
አንድ ጉንጭ ጨመረልኝ።

አውቶቡሱ አመለጠኝ።